ለጀልባ የተላኩ ሽማግሌዎች

አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የአብዱልሐሚድን ጀልባ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የማያውቃት ሐይቁ ብቻ ነው።

ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ የስፌት መኪና የምታህል ሞተር አላት። አብዱልሐሚድ የኤርፖርት ሻትል ነጂ ነው። ተሳፋሪ አጫውቶ አይጠግብም፣ ተሳፋሪም እሱን አይጠግብም። በፈረንጆች 2015 የጸደይ ወራት አንድ የእንግልውድ ጡረተኛ ኤርፖርት ሲያደርስ፣ ሰውዬው ፍሎሪዳ ሊዛወር እንደሆነና ጀልባውን የሚወስድለት እንዳጣ አጫወተው። በሳምንቱ አብዱልሐሚድ ጀልባዋን በራሱ መኪና እየጎተተ አፓርትማችን ግቢ ገባ።

ሚስቱ ማህፉዛ በመስኮት አየችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጀልባ ነዋ!»

«ጀልባ መሆኑንማ አይቻለሁ። የማን ነው?»

«የኛ።»

«የኛ ማለት?»

«ያንቺም ነው ማለት።»

«የኔ ከሆነማ መልሰው።»

አልመለሰም። ከጀልባዋ ጋር ሁለት መቅዘፊያ፣ አንድ አሮጌ ላይፍ ጃኬትና በፕላስቲክ የተጠቀለለች ጥቁር የጎማ ቡሽ ነበሩ። ቡሿ ለምን እንደምትሆን ሰውዬው ሳይነግረው አልቀረም፤ አብዱልሐሚድ ግን ያን ቀን ዓይኑም ጆሮውም ጀልባዋ ላይ ነበር። ማህፉዛ ሥራ ስትሄድ በሶ በጠርሙስ በጥብጣ የመያዝ ልማድ አላት፤ የጠርሙሱ ክዳን ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል። ቡሿን ብትሞክራት ልክክ አለች።

«አየሽ?» አላት፣ «ገና ከመምጣቷ ቤት መጥቀም ጀመረች።»

የጀልባ ፍቅሩ የልጅነት ነው። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ልጅ ውሃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ተማሪ ሳለ ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ደብረ ዘይት ወሰዳቸው፤ ለጀልባ ተሰለፉ። ሰልፉ ተጋፍቶ፣ ተገፍትሮ፣ በመጨረሻ እሱ ጋ ሲደርስ ባለ ጀልባው «በቃ፣ ሰዓት አልቋል» ብሎ ጀልባዋን ከግንድ ጋር አሰራት። አብዱልሐሚድ ይህን ሲያወራ ይስቃል። ግን አንድ ጊዜ አውርቶ አይተወውም፤ እኔ ብቻ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ ያው ባለ ጀልባ አሜሪካ ድረስ የተከተለው ይመስል ነበር። ከአውሮራ በስተምሥራቅ ሎንግሪድ የሚባል ሐይቅ አለ። ወደ ውሃው የሚያስገባው የጀልባ በር የሚዘጋው ፀሐይ ገና አናት ላይ ሳለች ነው። ምክንያቱም ማንኛውም ጀልባ ከመግባቱ በፊት በኢንስፔክተር ይታያል፤ ምስር የምታህል ቀንድ አውጣ ነገር ከሌላ ሐይቅ ተለጥፋ ከመጣች ሐይቁን በሙሉ ትወርሰዋለች አሉ። ኢንስፔክተሮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በሩም ይዘጋል። አብዱልሐሚድ ከሥራ ወጥቶ፣ ጀልባዋን ጎትቶ፣ በትራፊኩ ተንፏቆ ሲደርስ የሚያገኘው ሰንሰለት ነው። ቅዳሜና እሑድ ኤርፖርት ስለሚበዛ ይሠራል። የእረፍት ቀኑ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ደግሞ ሐይቁም እረፍት ነው፤ ሠራተኛ የለም።

ስለዚህ ጀልባዋ ያን ሰመር ከፒዮሪያ ወደ ሎንግሪድ፣ ከሎንግሪድ ወደ ፒዮሪያ ስትመላለስ ከረመች። የግቢው ልጆች ገብታ ስትወጣ እጃቸውን ያውለበልቡላታል። የሃላል ሬስቶራንት ያለው ኡበይዳ «ጀልባዋ ጎማዋ አላለቀም ወይ?» እያለ ያላግጣል።

ማህፉዛን ያስመረራት ሌላ ነገር ነው። ጀልባዋ የቆመችው የሷ ፓርኪንግ ላይ ነው። እንግልውድ ከምትሠራበት የልብስ መደብር ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ትመጣና መኪናዋን ሌላ መንገድ ላይ አቁማ፣ አስቤዛዋን ተሸክማ፣ በጀልባዋ አጠገብ እያለፈች ትገባለች። ረመዳን ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን የዘይት ጄሪካኑን ደረጃው ላይ አሳርፋ ፍርዷን ሰጠች።

«አብዱልሐሚድ፣ ስማኝ። ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ያቺ ጀልባ ውሃ ከነካች፣ ነካች። ካልነካች ለኡበይዳ እሸጣታለሁ።»

«ኡበይዳ ጀልባ ምን ያደርግለታል?»

«ሬስቶራንቱ በር ላይ አቁሞ፣ በረዶ ሞልቶ ለስላሳ ያቀዘቅዝባታል። ተስማምተናል።»

አብዱልሐሚድ ክው አለ። መሸጧ አይደለም። ጀልባ ሆና ተፈጥራ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ሆና መቅረቷ!

ያን ማታ ታች ቤት፣ ጋሽ ወልደሚካኤል ጋ ወረደ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ከአብዱልሐሚድ ጋር ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረው የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ሠርግ ቤት የታወቁት ግን በሽምግልና ነው። በዚህ ከተማ ጋሽ ወልደሚካኤል ለምነው ያላመጧት ልጅ የለችም ይባላል። አብዱልሐሚድ ራሱ ማህፉዛን ሲያገባ ከሼኩ ጎን የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

አዳምጠውት ሲያበቁ ጠየቁ። «በሩን የሚያዘው ማን ነው?»

«ዳርሊን የምትባል ማናጀር አለች።»

«ምን ብላችሁ ጠየቃችኋት?»

«እኔ ኢሜይል ልኬያለሁ። በሩ ላይ ሁልጊዜ የማገኘው ሮይ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፤ እሱም ከሥራ በኋላ ዓሣ ማጥመድ ነው ፍላጎቱ። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አላቸው፤ ፊርማ አሰባስበው ሰጥተዋል። ምንም አልተለወጠም።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፊርማ! አንተ ማህፉዛን በፊርማ ነው እንዴ ያገኘሃት? ሰው ነው የሚለመነው፣ ፊት ለፊት፣ ቆሞ። ሽማግሌ እንልካለን።»

«ጋሼ፣ ፈረንጅ ሽማግሌ ምን ያውቃል?»

«የፈረንጅ ሴት ልጅ አባትና እናት የላትም?»

ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው እሳቸው፣ ሁለተኛው በአስተርጓሚነት እኔ፤ ሦስተኛው ሮይ እንዲሆን ተወሰነ። ሮይ ሲነገረው ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ብዙ እንቆማለን?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

የዳርሊን ቢሮ ከጀልባው በር አጠገብ ያለች ጠባብ ተጎታች ቤት ናት። ጋሽ ወልደሚካኤል ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀደሙ። ሮይን ደጃፉ ላይ ኮፍያውን አስወለቁት። አብዱልሐሚድ ሊከተለን ሲል በከዘራቸው መለሱት።

«አንተ ወዴት? ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ ይገባል? መኪናህ ውስጥ ቁጭ በል።»

ሙሽራው ጀልባዋን ከኋላው እንደጎተተ ቁጭ አለ።

ዳርሊን ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሴት ናት። «ተቀመጡ» አለችን።

ጋሽ ወልደሚካኤል ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። «ከቤትዎ አንድ ነገር ልንለምን መጥተናል። የለመንነውን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ዳርሊን ወደ ሮይ ዞረች። «ሮይ፣ ይሄ የተቃውሞ ሰልፍ ነው እንዴ?»

«እኔ ቁም ስለተባልኩ ነው» አለ ሮይ።

«ልጃችን ጨዋ ነው» ቀጠሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሥራው አይቀርም። አባቱ መርካቶ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከሰው ተጣልቶ አያውቅም።»

«ደስ ይላል» አለች ዳርሊን ግራ ገብቷት። «ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃምሳን አልፏል።»

«እና ምን ፈልጎ ነው?»

«ሐይቅዎን።»

እኔ ነገሩን አፍታታሁት፤ ሥራ ለሚውሉ ሰዎች በሩ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ቢከፈት ነው፣ አልኳት። ዳርሊን በትሕትና አስረዳችን። ሰዓቱን የምትወስነው እሷ ብቻ አይደለችም፣ ኢንስፔክተሮቹም ቤተሰብ አላቸው። «በጣም አዝናለሁ፣ አይሆንም።»

ጋሽ ወልደሚካኤል ከመጀመሪያው የበለጠ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልን» አሉና ፊታቸው እየበራ ወጡ።

አብዱልሐሚድ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። «ምን አለች ጋሼ?»

«እምቢ አለች!»

«ታዲያ ምን ያስቅዎታል?»

«ጨዋ ቤተሰብ በመጀመሪያ ቀን እሺ ይላል እንዴ? እሺ ብትል ኖሮ እኔ ራሴ ጀልባህን ይዘህ ሂድ እልህ ነበር፤ ሐይቁ አንድ ነገር አለበት ማለት ነው።»

ሮይ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። ጥሩ ተጀምሯል፣ ለሚቀጥለው ለእግር የሚመች ጫማ አድርግ፣ አልኩት።

ሁለተኛው ጉዞ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ዳርሊን አስባበት ነበር መሰለኝ ዶናት ገዝታ ጠበቀችን፤ ወንበሮቹንም ደርድራለች። ጋሽ ወልደሚካኤል ዶናቱን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እኔም ጾም ላይ ነበርኩ፤ ባልሆንም ሽማግሌ ሳይፈቀድለት እህል አይቀምስም። ሮይ ግን እጁን ዘረጋ።

«ሮይ!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። ሮይ እጁን ሰበሰበ።

«ዶናቱ እኮ ጉቦ አይደለም» አለች ዳርሊን። «እሺ፣ ስሙኝ። አለቆቼን ጠይቄያለሁ።»

ስተረጉምላቸው ጋሽ ወልደሚካኤል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አየህ? ዘመድ አማክራለች።»

«ግን አሁንም አይሆንም» አለች። «ኢንስፔክተሮቹ ከሄዱ በኋላ ሁሉም ሰው ከውሃው መውጣቱን የሚያይ፣ በሩን የሚቆልፍ ማን አለ? አንድ ሰው ውሃው ላይ ቢቀር ተጠያቂው ማን ነው?»

አመስግነን ወጣን። ሮይ እየወጣ ዶናቶቹን ዞሮ አያቸው።

ቤት ስንደርስ ኡበይዳ ሜትር ይዞ ያን ቀን ግቢ የቀረችውን ጀልባ ሲለካ አገኘነው። ማህፉዛ ደረጃው ላይ ቆማ በሶዋን እየተጎነጨች ታያለች።

«አብዱልሐሚድ፣ አትቀየመኝ» አለ ኡበይዳ። «በረዶው ስንት ከረጢት እንደሚፈጅ ለማየት ነው። ደግሞ እዚህ ኋላዋ ላይ ቀዳዳ አላት፤ በጣም ጥሩ ነው፣ የቀለጠው ይፈስልኛል።»

«እጅህን አንሳ ከሷ ላይ!»

«ትምህርት የሚከፈተው ሐሙስ ነው» አለች ማህፉዛ፣ ረጋ ብላ። ቡሿን ጠርሙሷ ላይ ጥርቅም አድርጋ ገባች።

አብዱልሐሚድ ያን ቀን ምሳም እራትም እንዳልበላ ሰማሁ።

ሦስተኛው ጉዞ ሰኞ ነበር። ስንገባ በቢሮው ውስጥ አንድም ወንበር የለም። ዳርሊን ሁሉንም አስወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ዛሬ እኔም ቆሜያለሁ» አለች። «እኩል ነን። አሁን ንገሩኝ፤ በሩን የሚቆልፈው፣ ለሰዎቹ ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው?»

ጋሽ ወልደሚካኤል ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል። የልጅቷ ቤተሰብ ልቡ ሲራራ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፤ ልጁ ቢያጠፋ ማንን እንይዛለን?

«ዋስ ነው የምትፈልገው» አሉኝ። «እኔ ነኝ በላት።»

«ጋሼ፣ ዋስ ማለት እዚህ ሀገር ቢጫ ቬስት ለብሶ በር ላይ መቆም ነው።»

«እና? ዳውንታውን በር ላይ ስቆም አልኖርኩም?»

ዳርሊን ይህን ስትሰማ ስልክ አነሳች። ተናገረች፣ አዳመጠች፣ ሳቀች፣ ደግሞ ተናገረች። ስትዘጋ ውሳኔውን ነገረችን፤ ለሙከራ ያህል ረቡዕ ረቡዕ፣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ፣ አንድ ኢንስፔክተር አምሽቶ ጀልባዎቹን እያየ ያስገባል፤ የመጨረሻው ጀልባ ሲወጣ ቆጥረው የሚቆልፉት ግን ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው። አንድ ሰው ቢቀር ሙከራው ያበቃል።

«አሁን ትቀመጣላችሁ?» አለች።

«አሁንማ እንቀመጣለን!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። ወንበር ግን አልነበረም። ሮይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ የጀልባ መዓት በሩ ላይ ተሰለፈ። ከሥራ የመጣ ሁሉ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ነርስ አለ፣ ቀለም ቀቢ አለ። ጋሽ ወልደሚካኤል ቢጫ ቬስታቸውን ከሱፋቸው በላይ ደርበው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እንደ ሠርግ አስተናጋጅ «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። ኡበይዳ ፒክአፑን ይዞ መጥቷል፤ ነገሩ ከከሸፈ ጀልባዋን ከዚያው ለመውሰድ። ማህፉዛም ከሥራዋ በቀጥታ፣ በሶዋን እንደያዘች ደረሰች።

ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ጀልባዋን ከሥር አየ። ኋላዋ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣቱ ነካ አደረገና ፈገግ ብሎ ቀና አለ። «ፕለጉን ነቅለህ ነው የመጣኸው። ሁሉም እንዳንተ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

አብዱልሐሚድ ፕለግ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ምስጋና ግን ያውቃል። «ሰማችሁ?» አለን።

ዳውንታውን ማንኛውንም መኪና በማንኛውም ጥግ ያቆም የነበረ ሰው ጀልባዋን ወደ ኋላ ነድቶ ውሃው ጋ ለማድረስ ሦስት ጊዜ ሣሩ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ሰው ተረባርቦ ገፋለት። እሱም ማህፉዛን ላይፍ ጃኬት አልብሶ፣ «ሳትሳፈሪ ምስክር መሆን የለም» ብሎ አስገባት። እኔና ሮይ በእሱ ጀልባ ሆነን ጎን ለጎን ተከተልናቸው።

ሞተሯ ተነሳች። አብዱልሐሚድ መሪዋን ይዞ አገጩን ቀና አደረገ፤ ያን ሰዓት መልኩ ራሱ የተለወጠ መሰለኝ። ትንሽ ሄድን።

«አብዱልሐሚድ፣ እግሬ ረጠበ።»

«ሐይቅ ነዋ። ትንሽ ይረጫል።»

«አይረጭም። እየገባ ነው።»

ሮይ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ፕለጉን!» ብሎ ጮኸ። «ፕለጉን አስገባ!»

«ነቅለነዋል!» ብሎ መለሰለት አብዱልሐሚድ በኩራት። «ኢንስፔክተሩ አይቶታል!»

«የሚነቀለው ለመንገድ ነው! አሁን ማስገባት አለብህ! ጥቁር ጎማ!»

አብዱልሐሚድ ደረቱን ዳበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ማህፉዛ አጎነበሰች፣ ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ደፈነች። ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየችው። ቡሿን አየቻት። ባሏን አየችው።

«ጥቁር ጎማ ነው ያለው?»

«መሰለኝ።»

«ያዝልኝ፣ እንዳይፈስ።» ጠርሙሱን እጁ ላይ አስቀመጠችና ቡሿን ነቅላ ቀዳዳው ላይ ወተፈቻት። ልክክ አለች።

ኡበይዳ ከዳር ሆኖ ይጮሃል። «ሰመጠች እንዴ? ግዴለም፣ ለበረዶ ትሆናለች!»

ማህፉዛ የአብዱልሐሚድን ኮፍያ ከራሱ ላይ አንስታ ውሃውን ትቀዳ ጀመር። እሱ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ክዳን የሌለው በሶ ይዞ እንደ ሐውልት ደርቋል። ቀስ በቀስ ወለሉ ታየ።

«ውሃ ነክታለች» አለ በትንሽ ድምፅ።

«ውሃው ነው እሷን የነካት።» ማህፉዛ ኮፍያውን ጨምቃ መልሳ ጫነችለት፤ በሶዋን ተቀብላ ተጎነጨች። ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ ወርዳ ሐይቁ ወርቅ መስሎ ነበር። ጫማዋን አወለቀች። ቀኑን ሙሉ የቆመችበትን እግሯን በጀልባዋ ጠርዝ አሳልፋ ውሃው ውስጥ ሰደደች።

«ወደ ዳር ላዙራት?» አላት።

«ማን አዙር አለህ? የምትሄደው በኔ ቡሽ ነው። ግማሿ የኔ ናት።»

«እና ኡበይዳስ?»

«ኡበይዳ ፍሪጅ ይግዛ።»

ይሄን ጊዜ ከበሩ ፊሽካ ተነፋ። ፀሐይዋ እየገባች ነው። ጀልባው ሁሉ ወደ ዳር ተመለሰ፤ እኔና ሮይም ደርሰን ወጣን። ጋሽ ወልደሚካኤል አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያስወጣሉ። ዳርሊን ከቢሮዋ ወንበር ይዛላቸው መጥታ ነበር። አልተቀመጡም፤ አንዲት ጀልባ ቀርታለች።

«አብዱልሐሚድ!» ብለው ተጣሩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ዋስ እኮ ነኝ! ውጡ!»

ከውሃው ላይ የመጣው ድምፅ የማህፉዛ ነበር። «ጋሼ! በሩን ትንሽ ክፍት ያቆዩልን!»

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «አይሆንም ብያለሁ!»

ሐይቁ ጸጥ ስላለ ለባሏ የነገረችውም ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማን።

«የመጀመሪያ ቀናቸው ነው፣ እምቢ ማለታቸው ደንብ ነው። አንድ ዙር ድገም።»

ጀልባዋ ወደ ሐይቁ መሃል ዞረች። ጋሽ ወልደሚካኤል ወንበሩን አዩት፣ ቁልፉን አዩት፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።